መልስ፦ የዋተርጌትን ታሪክ ሳላውቅ ፊልሙ ይገባኛል ወይ?

በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኦል ዘ ፕሬዚደንትስ ሜን» ከማየትዎ በፊት የዋተርጌትን (የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ከሥልጣን ያስለቀቀውን የፖለቲካ ቅሌት) ታሪክ ማጥናት ያስፈልግዎ እንደሆነና ፊልሙ ለእውነታው ምን ያህል እንደሚታመን ጠይቀዋል። በሰኔ 1972 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ወደሚገኘው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ አምስት ሰዎች መያዛቸውን ካወቁ ይበቃዎታል፤ የቀረውን ከዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዘጋቢዎቹ ከቦብ ውድዋርድና ከካርል በርንስቲን ጋር ደረጃ በደረጃ ይደርሱበታል። የሚጠሩት ስሞች ብዛት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ ነገር ግን ዘጋቢዎቹም ግራ ተጋብተው ስለሆነ አይጨነቁ።

ዳይሬክተሩ አለን ፓኩላ ውጥረቱን የፈጠረው በተኩስ ሳይሆን በስልክና በማስታወሻ ደብተር ነው። ውድዋርድ ስለ አንድ ቼክ በስልክ ሲያጣራ ካሜራው ሳይቋረጥ ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ይጠጋል፤ በርንስቲን ደግሞ የኒክሰንን የምርጫ ዘመቻ ሒሳብ ትይዝ የነበረችውንና ስም መጥራት የፈራችውን ሴት የስሞቹን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እንድትነግረው ሲያግባባት የሚታየው ትዕግሥት፣ በእኔ ግምት የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው።

እውነታውን በሚመለከት ዋናው ሂደት የተጠበቀ ቢሆንም፣ «ገንዘቡን ተከተል» የተሰኘው ዝነኛ አባባል ፊልሙ በተመሠረተበት በዘጋቢዎቹ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የስክሪፕት ጸሐፊው የዊልያም ጎልድማን ነው። የዘጋቢዎቹን ሥራ በቅርብ የመራው የጋዜጣው አርታኢ ባሪ ሰስማንም ከፊልሙ ጨርሶ መውጣቱ ተገቢ አይመስለኝም። በጨለማው የመኪና ማቆሚያ የሚታየው ምሥጢራዊ ምንጭ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ምክትል ኃላፊ የነበረው ማርክ ፌልት መሆኑ የታወቀው ገና በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።