ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የዋጠው መንደር፣ ዝናብ የጠጣ ግልገል

ባለፈው ሰሞን ስለ ተፈጥሮና ስለ አየር ንብረት ስለሚያወራው የዘመኑ የዌልስ ግጥም ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው ጎርፏል። ስድቡን ለራሴ አስቀርቼ የቀረውን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ አልቀበልም።

ዌልስ ያው እንግሊዝ አይደለችም ወይ?

አይደለችም፤ ብሪታንያ ውስጥ የራሷ ቋንቋ ያላት ሌላ አገር ናት። ዋና ከተማዋ ካርዲፍ ከሄዱ ይህን መጠጥ ቤት ውስጥ እንዳይጠይቁ አደራ።

ከሰል ሲያወጣ የኖረ ሕዝብ ዛሬ ስለ አየር ንብረት ሲያለቅስ አያፍርም? (አንድ አባት፣ በአራት ቃለ አጋኖ)

ጋሼ፣ ቁጣዎ ይገባኛል። በ1913 ደቡብ ዌልስ ብቻ ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል አውጥቷል። ግን ቆፋሪው ሌላ፣ ትርፉን የወሰደው ሌላ። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 አበርቫን በምትባል መንደር ከማዕድኑ የወጣ ጥራጊ ክምር በውሃ ርሶ ተናደና ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለ አገር ገጣሚ ስለ መሬት ሲጽፍ ከሩቅ ቆሞ እየሰበከ አይደለም።

ሮበርት ሚንሂኒክን ይውሰዱ። ገጣሚ ነው፤ «የምድር ወዳጆች» የተባለውን የአካባቢ ተሟጋች ድርጅት ዌልስ ውስጥ ካቋቋሙት አንዱም ነው። የሚጽፍለት የባሕር ዳርቻ ከፖርት ታልቦት ብረት ፋብሪካ ብዙ አይርቅም። እዚያ በ2024 የመጨረሻው ትልቅ ማቅለጫ ምድጃ ሲጠፋ ጭሱ ቀረ፣ የብዙ ሰው እንጀራም አብሮ ቀረ። ለአንዱ ብቻ የሚያዝን ግጥም እኔ ዘንድ ግማሽ ግጥም ነው።

በዌልስኛ ሁለት «ኤል» ተከታትለው ሲጻፉ እንዴት ይነበባሉ?

ምላስዎን «ል» እንደሚሉ አድርገው ያስቀምጡና ድምፅ ሳያወጡ አየሩን በጎን ይንፉ። ምራቅ ከተረጨ ተቃርበዋል። የበለጠውን የዌልስኛ መምህር ይጠይቁ።

«ሂራይዝ» የሚባለው ቃል ናፍቆት ማለት ነው?

በግምት። ግን በኩባያና በቲሸርት ላይ ታትሞ አልቋል። ይልቅ «ከኔቪን» የሚለውን ያዙልኝ። በግ ያለ አጥር የራሷን የተራራ ግጦሽ ለይታ ታውቃለች፤ ግልገሉም ከእናቱ ይማራል። ያ የሚታወቀው ቦታ ከኔቪን ነው። ለሰው ሲሆን «ቀዬ» ብንለው ብዙ አንርቅም።

የሙቀቱን መጠን ሳይንቲስት ይነግረናል። ግጥም ምን ይጨምራል? (ሁለት አንባቢዎች፣ አንዱ በትሕትና)

በ1986 በዩክሬን የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ ፈነዳ። ከቀናት በኋላ የሰሜን ዌልስ ተራሮች ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሲሲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይዞ ወረደ። ሣሩ ተበከለ፣ በጉ ሣሩን በላ። በበግ ዝውውርና ሽያጭ ላይ የተጣለው ቁጥጥር ጨርሶ የተነሣው በ2012 ነው። ሪፖርቱ ይህን ይላል።

ጊሊያን ክላርክ ከ2008 እስከ 2016 የዌልስ ብሔራዊ ገጣሚ ነበረች። ገጠር ውስጥ በግ ታረባለች። ስለዚያ ጸደይ የጻፈችው ግጥም «ጎረቤቶች» ይባላል። ግልገል የዌልስ ኮረብታ ላይ ሲሲየም ይጠጣል፤ አንዲት ሕፃን ደግሞ ዝናብ ልትጠጣ ቀና ትላለች። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ሰው በአንድ ርእስ ጎረቤት ሆነ። ሪፖርቱ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ሥራውም አይደለም።

ሌላም ልጨምር። በትሬዌሪን ሸለቆ ካፔል ኬሊን የሚባል መንደር ነበረ። ዌልስኛ ብቻ የሚነገርበት ትንሽ መንደር ነበር። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ ሸለቆውን ገድባ ውሃ ማጠራቀም ፈለገች። ፓርላማው በ1957 ፈቀደ፤ ከዌልስ እንደራሴዎች ግን አንድም የደገፈ አልነበረም። በ1965 ትምህርት ቤቱም፣ ጸሎት ቤቱም፣ እርሻውም ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ ጸሐፊ የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ ላይ «ትሬዌሪንን አስታውሱ» ብሎ በቀለም ጻፈ። ሁለት ቃል። መጀመሪያ ሲጻፍ የሰዋስው ስሕተት ነበረበት። ዛሬ በየመንገዱ እየተቀዳ ይጻፋል። የሊቨርፑል ምክር ቤትም በ2005 ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን የማነሣው የዌልስ የተፈጥሮ ግጥም ከዚህ ግድግዳ ስለማይርቅ ነው። እዚያ መሬት ሲጠፋ ቃልም ይጠፋል። የማሳው ስም፣ የምንጩ ስም፣ የጉብታው ስም ከመንደሩ ጋር ይሰጥማል። በ2021 ቆጠራ ዌልስኛ እናገራለሁ ያለው 17.8 በመቶ ነው። ስለዚህ ገጣሚው ወፏን በስሟ ሲጠራ የሚያድነው ሁለት ነገር ነው። አሁን ደግሞ ውሃው ከሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነው። ፌርቦርን በምትባል የባሕር ዳር መንደር ባሕሩ ከፍ ሲል የመከላከያውን ግንብ ለዘላለም ማቆየት እንደማይቻል ለነዋሪው ተነግሮታል። የሰው ቤት ነው እንግዲህ።

የዌልሶቹ ጥብቅ የግጥም ስልት ከእኛ ቅኔ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፤ ቢያምረንም። ሰምና ወርቅ የትርጉም ጨዋታ ነው። የእነሱ «ከንግሃነዝ» የድምፅ ነው። በአንዱ ዓይነቱ የስንኙ የመጀመሪያ ግማሽ ተነባቢዎች በሁለተኛው ግማሽ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። ልሞክር፦ «በረደ ልቤ፣ ብርድ ልብስ አጣሁ።» ብ-ር-ድ-ል-ብ፣ እንደገና ብ-ር-ድ-ል-ብ። ዳኞቻቸው ይጥሉኝ ይሆናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው ዳቪዝ አፕ ግዊሊም በዚህ ስልት ወፎችን ጫካ ውስጥ ቅዳሴ አስቀድሷቸዋል። ዛሬም በዓመታዊው ብሔራዊ የግጥም ጉባኤያቸው በዚህ ስልት ያሸነፈ ወንበር ይሸለማል። እውነተኛ ወንበር፣ የሚቀመጡበት።

የበረዶ መቅለጥ ዜና እያነበብኩ ሦስት ወር እንቅልፍ የለኝም። ምግብም አቁሜያለሁ። የትኛውን ግጥም ላንብብ?

እህቴ፣ ምንም። ስለ ምድር መጨነቅሽ ጤነኛ ነው፤ ሦስት ወር አለመተኛት ግን አይደለም። ዛሬ ማታ ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪ፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። «እሺ አያለሁ» አትበዪኝ፤ ሄጄ መጣሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ግጥሙ የትም አይሄድም።

ስለ ደረቀው ወንዛችን የጻፍኩትን ግጥም እይልኝ።

አየሁት፣ ወንድሜ። «እናት ተፈጥሮ» አምስት ጊዜ አለቀሰች፤ ይበቃታል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን አያትህ በእግራቸው ተሻግረው በጎርፍ የተመለሱበት መልካ አለ። እሱን አስቀርተህ ሌላውን ሰርዝ። ዳር ላይ የነበረው ዛፍ ሾላ ነው ዋንዛ? ውሃው የቀረው በየትኛው ክረምት ነው? ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈህ የወንዙን ስም አልነገርከኝም።