መልስ፦ አኩሪ አተር በኬሞ ፋንታ?

አይሆንም እህቴ። ጎረቤት «የአኩሪ አተር ዱቄት ካንሰር ይገድላል» ስላለሽ ብቻ የእናትሽን ኬሞ እንዳታስቆሚ። በምግብነት ግን ሐኪማቸው ካልከለከለ ይብሉት።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። አኩሪ አተር ውስጥ ጀኒስቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ላብራቶሪ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመር መባዛታቸውን ይገታል፤ አንዳንዶቹንም ራሳቸውን እንዲያጠፉ ይገፋፋል። ግን ይሄ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ነው። እዚያ የሚጨመረው መጠን ብዙ ጊዜ ሰው በልቶ ደሙ ውስጥ ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። የበላነውንም ቢሆን አንጀትና ጉበት ቶሎ ይቀይሩታል።

ከቅዳሜ ገበያ ፍሬውን ከገዛሽ በደንብ ይብሰል። ጥሬው ፕሮቲን በደንብ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። ዱቄቱ ጥሬ ጥሬ ከሸተተሽ ተዪው፣ ሆዳቸውን ይነፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚሁ ባሕር ዳር ፋርማሲ ስሠራ የማየው ነው። ዘመድ ከውጭ የአኩሪ አተር እንክብል ይልካል፤ ታማሚው «ዕፅዋት አይደል፣ ምን ያደርጋል» ብሎ ለሐኪሙ አይናገርም። እንክብል ግን የተጨመቀ ነው፣ ከሽሮ ጋር አይወዳደርም። እናንተም ቤት ካለ አሁኑኑ አይጀምሩት፤ ብልቃጡን ይዘሽ ለካንሰር ሐኪማቸው አሳዪ።