አርት መምህር ለመሆን ለምትማሩ ልጆች፦ እጃችሁን ከልጁ ወረቀት ላይ አንሱ

ሰሞኑን የአርት መምህርነት ልትማር የተመዘገበች አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ስዕል በደንብ እችላለሁ፣ ለማስተማር ሌላ ምን ይቀረኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልጽፍላት ቁጭ ስል ስንት ዓመት ያላነሳሁት ነገር መጣብኝና ለሷ ብቻ የጀመርኩት ደብዳቤ ለሁላችሁም ሆነ።

እኔም በናንተ ዕድሜ እንደሷ ነበር የማስበው። እጄ ጥሩ ነው፣ የሰው ፊት ስስል ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ብርሃንና ጥላ ገብቶኛል፣ ስለዚህ ማስተማር ማለት ይሄንን የማውቀውን ለልጆች ማሳየት ነው ብዬ ነው የገባሁት። ኮርስ ላይ ስለ ልጆች ስዕል ዕድገት ሲያስተምሩንም ደስ ብሎኝ ነው የተማርኩት። ቪክቶር ሎወንፌልድን እናንተም ታገኙታላችሁ፣ ቪየና ውስጥ ዓይነ ስውራን ልጆችን አርት ያስተምር የነበረና እ.ኤ.አ. በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የተሰደደ ሰው ነው። የልጆችን ስዕል በዕድሜ ከፋፍሎታል፦ ከ2 እስከ 4 ዓመት መሞነጫጨር፣ ከ4 እስከ 7 ከክብ ጭንቅላት ቀጥታ እግር የሚወጣበት፣ ከ7 እስከ 9 ለሰውም ለዛፍም ለቤትም የራሳቸውን ቋሚ አሳሳል የሚይዙበት፣ ከ9 እስከ 12 ደግሞ "የኔ እኮ እውነተኛውን አይመስልም" የሚል ጭንቀት የሚጀምርበት። ይሄን ሁሉ በቃሌ እወጣው ነበር፣ ፈተናም ላይ ጥሩ ነው ያመጣሁት።

ከዛ ለተግባር ልምምድ ክፍል ገባሁ። የተመደብኩባቸው መምህር ጎበዝ ሰዓሊ ነበሩ፣ ለልጆቹም ክፉ አልነበሩም፣ ይሄ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የዛን ቀን "የምትወዱትን ጨዋታ ሳሉ" ብለው አዘዙ። አንድ 8 ወይ 9 ዓመት የሚሆነው ልጅ ኳስ ሜዳ ሳለ። ሜዳው ከላይ እንደታየ አራት ማዕዘን ነው፣ ተጫዋቾቹ ግን አልቆሙም፣ በአራቱም ጠርዝ እግራቸው ወደ መስመሩ ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ ሆኖ ተዘርግተው ተኝተዋል። ሲስል ወረቀቱን እያዞረ ነበር፣ አንዱን ጎን ይጨርስና ያዞራል፣ ደግሞ ያዞራል። የእያንዳንዱን ጫማ ማሰሪያ ሳይቀር ስሎታል። በረኛው እጁ ከጭንቅላቱ ይበልጣል፣ አሥሩም ጣት ተቆጥሮ ገብቷል።

መምህሩ መጥተው አዩትና "ሜዳ እንዲህ አይታይም እኮ የኔ ልጅ" ብለው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ላጲስ አነሱ፣ የተኙትን ሁሉ አጠፉ፣ በማስመሪያ የአድማስ መስመር አሰመሩ፣ ሁለቱን የሜዳ ጠርዞች ወደ አንድ ነጥብ አገናኙ፣ ቅርብ ያለውን ተጫዋች ትልቅ ሩቅ ያለውን ትንሽ አድርገው አቆሙለት፣ የበረኛውንም እጅ አሳነሱት። በጣም የሚያምር ፐርስፔክቲቭ (ርቀትን የሚያሳይ አሳሳል) ነበር፣ እኔ ራሴ ቆሜ እያደነቅኩ ነው ያየሁት። ልጁ እጁን ዴስክ ስር ከቶ ነበር የሚያየው። እሳቸው ሲነሱ እርሳሱን አነሳ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም አልጨመረም። በመጨረሻ ወረቀት ሲሰበሰብ ስም ያልተጻፈበት አንድ ተገኘ፣ መምህሩ ከፍ አድርገው "የማነው ይሄ?" አሉ። ማንም አልመለሰም። እሱም ዝም አለ።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ያ ልጅ በማስመሪያ ብቻ ቤት ሳለ፣ በየመስመሩ ቀና እያለ "ቲቸር ልክ ነው?" ይለኛል፣ እኔም ልክ ነው፣ ጎበዝ እለዋለሁ። ልምምዴ አለቀና ሄድኩ።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ፣ "እስቲ ስለ ስዕልህ ንገረኝ" አለማለቴ ነው። ያ ልጅ በሐሳቡ ሜዳው መሃል ቆሞ ዞር ዞር እያለ ነው የሳለው፣ ከዛ ቦታ ደግሞ ሁሉም ተጫዋች ቆሞ ነው የሚታየው፣ ለዚህ ነው ወረቀቱን ያዞር የነበረው። የበረኛው እጅ የተለቀው ለበረኛ ዋናው ነገር እጁ ስለሆነ ነው። ልጆች ዋና ነው ያሉትን እንደሚያገዝፉ ሎወንፌልድ አስተምሯል፣ ዓይነ ስውራኑ ልጆች ሸክላ ሲቀርጹም የሚሰማቸውን ክፍል ያገዝፉት ነበር። ይሄ ሁሉ ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ! ደብተር ላይ ያለው ነገር ልጅ ሆኖ ፊታችሁ ሲቀመጥ መለየት ሌላ ትምህርት ነው፣ እሱን የሚያስተምር ኮርስ ደግሞ ብዙም የለም፣ ብዙ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው።

ሎወንፌልድን ካነሳሁ አይቀር፣ አሜሪካ ሄዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃምፕተን በሚባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ሲያስተምር ጆን ቢገርስ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1941 የቧንቧ ሥራ ሊማር እዛ ይገባል፣ የሱን የአርት ክፍል ሲያገኝ ግን ሐሳቡን ይቀይራል። ቢገርስ በኋላ ትልቅ የግድግዳ ስዕል ሰዓሊ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ሂውስተን ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአርት ዲፓርትመንት መሠረተ። አንድ መምህር የሰውን ሕይወት ወዴት ሊያዞር እንደሚችል ሳስብ ይሄ ታሪክ ሁሌ ይመጣብኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ እጃችሁን ከልጁ ወረቀት ላይ አንሱ ስል ምንም አታስተምሩ ማለቴ አይደለም። ፍራንዝ ቺዜክ የሚባለው ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1897 የልጆች አርት ክፍል የከፈተ ሰው ልጅን ተዉት፣ ራሱ ያድግ የሚል አቋም ነበረው። ለትንንሾቹ እኔም በዚህ እስማማለሁ። 11 እና 12 ዓመት ሲሞላቸው ግን ቴክኒክ ራሳቸው ይጠይቋችኋል፣ ፐርስፔክቲቭ አሳየኝ፣ እጅ እንዴት ነው የሚሳለው ይሏችኋል፣ የዛኔ "የመሰለህን ሳል" ብሎ መሄድ ልጁን መጣል ነው። ብዙ ሰው "እኔ ስዕል አልችልም" ብሎ እስከ እርጅና የሚኖረው እዚህ ዕድሜ ላይ ጠይቆ መልስ ስላጣ ይመስለኛል። ሲጠይቃችሁ የራሳችሁን ወረቀት አጠገቡ አስቀምጡና እሱ ላይ ሳሉለት፣ የሱ የሱ ሆኖ ይቀመጥ።

ስለ ሌሰን ፕላን አልጽፍም፣ ኮርሱ ይበቃችኋል። ሸክላ ጭቃ የምታሠሩ ግን ሲያልቅ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አታስጠርጉ፣ አቧራው ሲሊካ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል፣ በእርጥብ ጨርቅ አስወልውሉ። ቀለም በሌለበት ክፍል ደግሞ ጆሴፍ አልበርስ የሚባለው ሰዓሊና የአርት መምህር ተማሪዎቹን ባለቀለም ወረቀት እያስቆረጠ ያስተምር የነበረውን ሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ትንንሽ ካሬ ቁረጡ፣ አንዱን ጥቁር ላይ አንዱን ነጭ ላይ አስቀምጡ፣ ልጆቹ ሁለት የተለያየ ግራጫ ነው ብለው ይከራከሯችኋል፣ ከዛ አንስታችሁ ጎን ለጎን ስታደርጉት የሚመጣውን ጫጫታ ታያላችሁ።

የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናችሁ፣ እኛ በወር ያላገኘነውን ምስል በደቂቃ ታገኛላችሁ። የማልወድላችሁ ሁሉንም ከቪዲዮ አይታችሁ እንዳለ መገልበጣችሁን ነው፣ ከዛ ክፍል ገብታችሁ አርባውንም ልጅ አንድ ዓይነት ወፍ ታሠራላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ያምራል፣ የትኛው የማን እንደሆነ ግን እናንተም አታውቁም። ቅድም ጥሩ እጅ አይበቃም ያልኩ ሰው ነኝ፣ ግን ደግሞ በየቀኑ ሳሉ፣ ስኬች ቡክ ከቦርሳችሁ አይጥፋ፣ ራሱ የማይስል መምህር ልጁ የቱ ጋ እንደተቸገረ አይገባውም።

ለጠየቅሽኝ ልጅ ደግሞ፣ ለልምምድ ስትመደቢ የመምረጥ ዕድል ካለሽ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያሉትን ምረጪ። ሰልጣኝ ሁሉ ትንንሾቹን ነው የሚፈልገው፣ ምክንያቱም ምንም ብትሰጫቸው በደስታ ይስላሉ። እነዚህኞቹ ግን ወረቀቱን በክንዳቸው ሸፍነው ነው የሚስሉት፣ ያጠፋሉ፣ ይቀዳሉ፣ "አታይው" ይሉሻል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም ሳታርሚ አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ስለ ስዕላቸው ንገሩኝ በያቸው፣ የሚሉሽን ቃል በቃል ከነዕድሜያቸው ጻፊው። ፖርትፎሊዮሽ (የሥራዎችሽ ስብስብ) ውስጥም ከራስሽ ሥራ ጋር እሱን አስገቢው። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።