ቬትናም ከአንድ ሄክታር 25 ኩንታል ቡና የምታነሳው እንዴት ነው?

የተጠየቀው «ቬትናም በሄክታር 25 ኩንታል ታገኛለች ይባላል፤ እኛ 6 እና 7 ኩንታል ላይ የቀረነው በዘር ነው በማዳበሪያ?» የሚል ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ደህና የተያዘ ማሳ 30ም ያልፋል። ዘሩም ማዳበሪያውም ድርሻ አላቸው፣ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ውሃ ነው፤ ያውም በወቅቱ የደረሰ ውሃ።

አስቀድመን ምን ከምን ጋር እንደምናወዳድር እንለይ። ከቬትናም ቡና ከመቶ 90 በላዩ ሮቡስታ ነው፣ የእኛ አረቢካ። ሮቡስታ በተፈጥሮው ብዙ ይሰጣል፣ በገበያ ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። የሁለቱን ኩንታል ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቆሎንና ጤፍን እንደማወዳደር ነው። ሌላው ስህተት ሚዛኑ ላይ ነው። 25 ኩንታል የሚባለው የተፈለፈለ ንጹህ ቡና ነው፤ ለአንድ ኪሎ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ እሸት ይፈልጋል። እሸቱን ከንጹሁ ጋር እያምታታ የሚከራከር ሰው አይጠፋም።

አገሩ ከሰሜን ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ ቀጭን ነው፤ ወገቡ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሰፋል። በሰሜን የቀይ ወንዝ፣ በደቡብ የሜኮንግ ሜዳ አለ፤ ሁለቱም የሩዝ አገር። ራሳቸው አገራቸውን በትከሻ ተሸካሚ እንጨት ጫፍና ጫፍ በተንጠለጠሉ ሁለት የሩዝ ቅርጫቶች ይመስሏታል። ቡናው ያለው ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን በመካከለኛው ደጋ፣ በተለይ በዳክ ላክ፣ በጊያ ላይና በላም ዶንግ ነው። «ደጋ» ሲባል እንዳትታለል፤ የቡናዋ መዲና ቡዎን ማ ቱዎት 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በእኛ አነጋገር ቆላ ናት። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥልቅ ቀይ አፈር ነው።

ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ድርቅ ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ገበሬው ዛፉን ሆን ብሎ ያስጠማዋል። እምቡጡ ቅርንጫፉ ላይ ተሰብስቦ፣ ነጣ ብሎ፣ ተኝቶ ይጠብቃል። ከጥር ጀምሮ ውሃው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ተራራው በረዶ የጣለበት ይመስላል። አበባው እኩል ስለፈካ ፍሬውም እኩል ይቀላል።

መጠኑ እንዲህ ነው። ዛፎቹ 3 በ3 ሜትር ይተከላሉ፣ በሄክታር 1,100 ገደማ። በእያንዳንዱ ግንድ ዙሪያ እንደ ጣባ ጎድጎድ ያለ ገንዳ ይቆፈራል፤ ሰውየው ወፍራም ጎማውን ይዞ ከገንዳ ገንዳ እየተሻገረ ይሞላል። ለአንድ ዛፍ 400 እስከ 500 ሊትር ነው፤ በ500 ብትሰላው በአንድ ዙር 550 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህ በየ20 እና 25 ቀኑ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገማል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ውሃው ሳይጠግብ ከቀረ ከፊሉ እምቡጥ ይፈካል፣ ቀሪው ሳይከፈት ኮከብ መስሎ ይደርቃል። ሮቡስታ በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ የሌላ ዓይነት ዛፍ ብናኝ ይፈልጋል፤ ማሳውን በአንድ ዓይነት ችግኝ የሞላ ሰው አበባ አይቶ ፍሬ ያጣል። በፈካበት ቀን ዝናብ ከጣለም ብናኙ ይረጥባል። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃው የሚሳብበት ጉድጓድ ነው። ሁሉም በሞተር ስለሚስብ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወርዷል፤ በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ብዙ ማሳ ደርቋል። ገንዳውን በየዓመቱ ሲቆፍሩም ሥሩ ይቆስላል፣ በቁስሉ በሽታ ይገባል፤ ያረጀ ማሳ ተነቅሎ ወዲያው ሲተከል ችግኙ ቢጫ ሆኖ የሚቀረው በአፈሩ ውስጥ በቀሩት የሥር ትሎችና ፈንገሶች ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ሌላ ሰብል ይዘሩበታል።

ማን ተከለው ለሚለው፣ ቡናን በ1857 (ይህም ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስገቡት የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ግን ለረጅም ጊዜ ትንሽ ነበር። የሚገርመው እኛንም የሚነካው ክፍል ነው። በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና አጥሯት ከደርግ ጋር መሣሪያ በቡና ለወጠች። ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ስትጠይቅ ምሥራቅ ጀርመን ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች፤ በ1980 ተዋዋሉ፣ ገንዘብና ማሽን ላከች። ዛፉ በቅጡ ሲያፈራ ምሥራቅ ጀርመን የለችም፤ ቡናው ለዓለም ገበያ ተረፈ። በ1986 ቬትናም በሯን ለገበያ የከፈተችበት የኢኮኖሚ ለውጥ መጣ፤ በ1993ቱ ሕግ ገበሬው ለቋሚ ተክል የ50 ዓመት የመጠቀም መብት አገኘ። መሬቱ እንደኛው የመንግሥት ነው፤ ግን ደብተሩን ባንክ አስይዞ ሞተርና ማዳበሪያ መግዛት ቻለ። ከቆላው ሜዳ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ፈለሰ። የደጋው ነባር ሕዝቦች፣ ዘር በእናት የሚቆጥሩትና በረጅም ቤት የሚኖሩት ኤዴዎች ጭምር፣ በገዛ አገራቸው ቁጥራቸው አናሳ ሆነ። ይህን ክፍል ቬትናምን የሚያወድሱ ሰዎች ሲዘሉት አያለሁ።

አሁን ብዙ ገበሬ በቡናው መሃል ቁንዶ በርበሬና ዱሪያን (ልጣጩ እሾሃማ የሆነ ትልቅ ፍራፍሬ) ይተክላል፤ በተለይ ቻይና በ2022 ለዱሪያኑ በሯን ከከፈተች ወዲህ። ወደቡም ቅርብ ነው፤ ከቡዎን ማ ቱዎት ሆ ቺ ሚን ከተማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው ባቡር ከዚያ እጥፍ በላይ ይሄዳል፤ ያውም ቡናው ከጅማ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ።

ከእነሱ የማትቀዳው አንድ ነገር ለቀማውን ነው። ሸራ ዘርግተው የቅርንጫፉን ፍሬ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያራግፉታል፤ የሚያዋጣቸው አበባው እኩል ስለፈካ ነው። የእኛ ማሳ በበልግ ዝናብ ሁለት ሦስት ጊዜ ያብባል። በአንድ ጊዜ ካራገፍከው ቀዩ፣ ቢጫውና ጥሬው አንድ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ቅምሻው ላይም ደረጃው ይወርዳል። መስኖ ከሌለህ እየተመላለስክ ቀዩን ብቻ ልቀም።