በአፍንጫ በኩል ለሚሠራ የራስ ቅል ወለል ቀዶ ሕክምና የትኛውን ስፔሻሊቲ ልምረጥ?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የ5ኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ የሆንሽው ጠያቂያችን፣ «ራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል ቱመር ማውጣት እፈልጋለሁ፤ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ልግባ ወይስ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ?» ብለሻል።

ሁለቱም ያደርሱሻል። ሥራው የሁለቱን ሐኪሞች እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ኢንዶስኮፑን (ካሜራ የተገጠመለትን ቀጭን መመልከቻ) ይዞ ያሳያል፣ ሌላው በሁለት እጁ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ሙያ ትንሹ ክፍል ስለሆነ፣ የምትመርጪው የቀረውን የሳምንቱን ሥራ አይተሽ ይሁን። ሌሊት በአደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ለመነሳት ልብሽ ከፈቀደ አንጎሉን ያዢ። ሳይነስ፣ ጆሮና የአንገት እብጠት ከሳበሽ ደግሞ ሌላውን።

አናቶሚውን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኢንዶስኮፕ ገብቶ መካከለኛው ተርቢኔት (ከአፍንጫው የጎን ግድግዳ የወጣ ስስ አጥንት) ወደ ጎን ይገፋል። አፍንጫ ከጉሮሮ ከሚገናኝበት የኋላ በር 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የስፊኖይድ (ከአፍንጫ ኋላ ያለው ሳይነስ) ቀዳዳ ይገኛል። በዚህ በርና በቀዳዳው መካከል የሴፕተምን (አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለውን ግድግዳ) ሽፋን የሚመግበው ደም ቅዳ ያልፋል። ቀዳዳውን ወደ ታች በግዴለሽነት ያሰፋ ሰው፣ በኋላ ቱመሩ የወጣበትን የራስ ቅል ወለል ክፍተት ሊዘጋበት የሚችለውን ሽፋን ያለ ደም ያስቀረዋል። ክፍተቱ በደንብ ካልተዘጋ የአንጎል ፈሳሽ ይፈስሳል፣ ማጅራት ገትርም ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው እኛ ጎበዝ ሐኪም የምንለው በአዘጋጉ የሚታወቀውን።

በስፊኖይድ ውስጥ ያለው ስስ የአጥንት ግድግዳም ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አይቆምም፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን የካሮቲድ ደም ቅዳ በሸፈነው አጥንት ላይ ያርፋል። ጠምዝዞ መስበር ካሮቲዱን ሊቀድ ስለሚችል በድሪል ቀስ እየተባለ ይነሳል። ይህን አስቀድሞ የሚነግርሽ ሲቲ ስካን ነው። የራዲዮሎጂውን ሪፖርት ከማንበብሽ በፊት ግድግዳው የት እንደሚያርፍ ራስሽ ጽፈሽ አስተያዪ።

የሆርሞን ምርመራንም አትናቂ። ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጭ የፒቱታሪ (ከአንጎል ሥር ያለች ዕጢ) ቱመር በአብዛኛው መጀመሪያ የሚታከመው በካበርጎሊን ኪኒን ነው፤ ፕሮላክቲኑን ሳይለኩ ወደ ኦፕራሲዮን መቸኮል ታካሚን ያለ አስፈላጊነት ቢላ ላይ ማዋል ነው።

ኢንተርን ስትሆኚ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክትትል አንቺ ላይ ይወድቃል። የታካሚውን ሽንት በየሰዓቱ ለኪ፤ በተከታታይ ለሁለት ሰዓት ከ250 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነና ውኃ ከመሰለ ሶዲየም አሠሪ፣ ለሲኒየርሽም ንገሪ። ሲያጎነብስ ከአፍንጫው ጥርት ያለ ውኃ ይንጠባጠብ እንደሆነ እዪ፣ ጉሮሮውን ጨው ጨው ይለው እንደሆነም ጠይቂው። ቱቦ በአፍንጫው በጭፍን እንዳይገባ ከልክዪ። ከደባርቅ ወይም ከመተማ የመጣ ታካሚ ሲሸኝ፣ አፍንጫውን እንዳይናፈጥ፣ እንዳያምጥና ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ ፈሳሽ ካየ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመለስ ለአስታማሚውም ጭምር አስረጂ።

ከመወሰንሽ በፊት በሁለቱም ክፍሎች አስፈቅደሽ አንድ አንድ ሙሉ የተመላላሽ ቀንና አንድ አንድ የኦፕራሲዮን ቀን ዋዪ። ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ስትገቢ ኢንዶስኮፕ ለመያዝ ጠይቂ፤ ምስሉን ሳያንቀጠቅጡ መያዝ ራሱ ወራት የሚፈጅ ልምምድ ነው።