ለሬዲዮ ጣቢያ ግንባታ ተቆጣጣሪ ሆነሽ ለተመደብሽው እህታችን

እህታችን ከአዳማ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የካቶሊክ ሬዲዮ ጣቢያ ሊገነባ ነው፣ መሐንዲስ ሳትሆኚ ሥራውን ተከታተዪ ተብለሻል፣ ምን ላይ ልጠንቀቅ ነው ያልሽው። እኔም መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ሐዋሳ ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስቱዲዮ ሲሠራ ከፎርማን ጋር ስጨቃጨቅ ነው የከረምኩት።

ከሁሉ በፊት ጣራውን እዪ። የኛ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ቺፑድ ኮርኒስ ነበር። ወጪ ይቀንሳል ተብሎ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ሥራው አልቆ አንዲት ሲስተር የመቁጠሪያ ጸሎት ሊያስቀዱ ገቡ። ሁለተኛው ምሥጢር ላይ ዝናቡ ወረደ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀው ልጅ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣራ፣ እንሙላ እንዳንል ጣራውን የሚሸከመው ኮለን ለዚያ ክብደት ታስቦ አልቆመም። ከቆርቆሮው ጋር የማይነካካ ሁለተኛ ኮርኒስ ሠራን፣ መሃሉን ግላስ ዉል የሚባለውን የመስታወት ጥጥ ሞላነው። ተሻለ እንጂ አልዳነም። ዛሬም ዶፍ ሲጥል ቀረጻ ይቆማል። አንቺ ቢያንስ በስቱዲዮው ክፍል ላይ ሶሌታ ይሞላ በይ። መሠረት ሳይወጣ አሁን ነው የሚባለው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ የኮሚቴ አባል የእንቁላል ካርቶን ሰብስቦ መጣ። ልቡ መልካም ነው፣ ግን ካርቶን ድምፅ አያግድም። የባጃጅን ጩኸት የሚያቆመው ክብደት ነው። ከፑሚስ፣ ከዚያ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የተሠራ ብሎኬት ቀላል ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ብንቀድም ኖሮ ቀዳዳውን አሸዋ እየሞላን እንደረድረው ነበር። የውስጡ ማስተጋባት ሌላ ጉዳይ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብተሽ አጨብጭቢ፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከጮኸ ወፍራም መጋረጃ ወይም ጨርቅ የለበሰ ፓኔል ያስፈልገዋል።

በር ሲገጠም ከውስጥ ቆመሽ መብራት አስጠፊ። ከስር ብርሃን ከገባ ድምፅም ይገባል፣ የአዳማ አቧራም እንደዚያው። በሁለት ክፍሎች መሃል ሶኬቶች ጀርባ ለጀርባ አይቆፈሩ። የመቆጣጠሪያው መስኮት ሁለት መስታወት ይሁን፣ ውፍረታቸው የተለያየ። አዳማ ያለ ኤሲ አይቻልም፤ ቀረጻ ላይ ግን የኤሲው ማራገቢያ ይሰማል፣ ይህን ከገጣሚው ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ጀነሬተሩን ከሕንጻው አርቁ። ደወሉንም! የኛ ስቱዲዮ ከደወሉ ሥር ነበር፤ አባ የቅዳሴ ሰዓት ለመለወጥ ፈቃደኛ ስላልሆኑ የቀረጻውን ሰዓት ለወጥን።

የአንቴናው ምሰሶ ላይ አታቆጥቡ። የአዳማን ንፋስ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እነዚያ ተርባይኖች እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። የመብረቅ መከላከያው ሽቦ አፈር ውስጥ ሲቀበር ቆመሽ እዪ፣ ፎቶም አንሺ። ልስንና ሊሾ የሚሸፍነውን ሁሉ ሳይሸፈን ፎቶ አንሺው። እኔ አንድ ቀን ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ቧንቧው ተለስኖ ጠበቀኝ፣ የት እንዳለፈ ያወቅነው ሲያፈስ ነው። ክፍያም እንዲሁ፤ ያላየሽውን ሥራ አትፈርሚ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ለሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። በ2013 እሱን የሚተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣ። ለየትኛው ዓይነት ስርጭት እንደተፈቀደላችሁ ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በጽሑፍ ሳትይዙ ድንጋይ እንዳታራግፉ።

ንድፉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። የጣራውን ገጽ እንዳትረሺ።