አጭር ተውኔት ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የድራማ ክበብ ያቋቋመች አንዲት ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘችኝና "ጋሼ፣ የዘመኑ ጸሐፊዎች የጻፉት አጫጭር ተውኔት ካለ ይጠቁሙን፣ ሰው ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አያይልንም፣ እኛም ያለነው አምስት ነን" አለችኝ። የውጪዎቹን እዛው ቆሜ ዘረዘርኩላት። "በአማርኛስ?" ስትል ግን ዝም አልኩ። ሰልፉ ደረሰና እሷ ገባች፣ እኔ ቤቴ እስክገባ ልቤ አቃቂ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም፣ እኛም የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ነንና መጋረጃችን አቡጀዲ፣ መብራታችን አንድ አምፖል፣ ወንበራችን ከትምህርት ቤት በውሰት የመጣ አግዳሚ ነበር። የፋብሪካው ሳይረን ሳይጮህ መጨረስ አለብን፣ ምክንያቱም የማታ ፈረቃ የሚገባው ሰው ሳይረኑን ሲሰማ ግማሹ አዳራሽ ብድግ ይላል። ብዙ ጊዜ የምንሰራው መፈክር ያለበት ነገር ነው። በመሃል ግን አንድ ጓደኛችን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ የሃያ ደቂቃ ተውኔት በደብተር ጽፎ አመጣ።

ሁለት ዘበኞች፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ደብዳቤ። በቃ ይሄ ነው። ሌሊት የፋብሪካ በር ላይ ጋቢውን እየተቀባበሉ ይጠብቃሉ። ለትልቁ ከሀገር ቤት ደብዳቤ መጥቶለታል፣ ማንበብ አልችልም ማለት አፍሮ "ዓይኔ ደክሟል፣ አንተ አንብብልኝ" ይለዋል። ትንሹ ደሞ ቅድም መሠረተ ትምህርት ጨረስኩ ብሎ ሲኩራራ ስለነበር እምቢ ማለት አይችልም። ይቀበልና ያነባል፣ "ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ላሚቱ ወልዳለች..." ይላል። ወረቀቱን ግን ዘቅዝቆ ነው የያዘው። ትንሹን ዘበኛ የሰራሁት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ የሳቁት ከፊት የተቀመጡት ናቸው፣ ከዛ ሳቁ ረድፍ በረድፍ ወደኋላ ሄደ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ትልቁ "ስለ እናቴ ምንም አላለም?" ሲል አዳራሹ ጭጭ አለ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየዋለሁ፣ ከዛ "ደህና ናት ይላል" እላለሁ።

ሲነጋ ማንበብ የሚችል የቢሮ ሰራተኛ ይመጣል፣ ደብዳቤውን ያይና "አምጣ ላንብብልህ" ብሎ እጁን ይዘረጋል። ትልቁ ዘበኛ አጥፎ ካፖርቱ ውስጥ ይከተውና "ተነቦልኛል" ይላል። አለቀ።

ጨርሰን ስንወጣ አንዲት የፋብሪካው ሰራተኛ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጓደኛችንን ይዘው "ደብዳቤው ላይ ግን ምን ነበር የተጻፈው?" ብለው ጠየቁት። አልነገራቸውም። በሌላ ቀንም መንገድ ላይ ሲያገኙት ያንኑ ጠየቁት። ከዛ በኋላ ትልልቅ መድረክ ላይ ሰርቻለሁ፣ ብዙ ተጨብጭቦልኛል፣ እንደዛ ዓይነት ጥያቄ ግን ሁለተኛ አልሰማሁም።

ልጁ ተበረታቶ ደብተሩን ወደ ከተማ አንድ ቲያትር ቤት ወሰደው። ገምጋሚዎቹ ሃሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ቲያትር አይደለም የቲያትር ቁራጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት አድርገህ አምጣው አሉት። አደረገው። ለትንሹ ዘበኛ ፍቅረኛ ሰጠው፣ ሰርግ ጨመረ፣ እናትየውን ራሳቸውን መድረክ ላይ አወጣቸውና ደብዳቤው ላይ ያለውን አናገራቸው። እናትየው ሲወጡ ነገሩ ሞተ። እሱም ቢሆን ሳይታይ ቀረ፣ ደብተሩም እዛው መሳቢያ ውስጥ ቀረ፣ ሌላ ኮፒ አልነበረውም። ልጁ ሙያውን ትቶ ክፍለ ሀገር ገባ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ማረፉን ሰማሁ። እኔ የራሴን ቃል ዛሬም በሙሉ እላችኋለሁ፣ ትልቁ ዘበኛ የሚለውን ግን የማስታውሰው ግማሹን ብቻ ነው፣ እሱን የሰራው ጓደኛችንም የለም። ዛሬ አንዲት ልጅ በአማርኛስ ስትለኝ እጇ ላይ ላስቀምጥላት የሚገባው ይሄ ነበር፣ የለም፣ ይቆጨኛል።

ገምጋሚዎቹን እረዳቸዋለሁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ከተመሰረተ፣ ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ከተከፈተ ጀምሮ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚገባው ግማሽ ቀኑን ሰጥቶ ነው፣ ከአቃቂ በአውቶቡስ ሄዶ በሃያ ደቂቃ ውጣ ልትለው አትችልም። ግን ሁለት ሶስት አጫጭር ስራ በአንድ ትኬት ማሳየት ማን ከለከለ? ኧረ አልረዳቸውም፣ አሁንም ያናድደኛል።

ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። መጀመሪያ እንድታነቡት የምፈልገው የሃሮልድ ፒንተርን "ማውንቴን ላንጉዌጅ" ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የቀረበ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚሆን። ሴቶች እስር ቤት በር ላይ ልጃቸውን ባላቸውን ሊጠይቁ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ቆመዋል፣ ቋንቋቸው ተከልክሏል። አንዷን አሮጊት እጃቸውን ውሻ ነክሷቸዋል፣ መኮንኑ ግን የውሻው ስም ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ በቋንቋሽ መናገር ተፈቅዶልሻል ሲባሉ እናትየው አይናገሩም፣ ልጃቸው እየለመናቸው ዝም። እኛ ሀገር ይሄን ለማስረዳት ማብራሪያ አያስፈልግም።

የሳሙኤል ቤኬት "ካም ኤንድ ጎ" እ.ኤ.አ. በ1965 የተጻፈ ነው፣ የዘመኑ ነው ማለት ይከብዳል፣ ቢሆንም አንብቡት። ሶስት ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው፣ አንዷ ስትወጣ ሁለቱ ስለሷ ይንሾካሾካሉ፣ ተራ በተራ። ምን እንደተባባሉ ተመልካች አይሰማም። ቡና ላይ ያደገ ሰው ይገባዋል።

ለሳቅ የዴቪድ አይቭስ "ሹር ቲንግ" አለላችሁ፣ ካፌ ውስጥ አንድ ወንድና አንድ ሴት፣ ወሬው በተበላሸ ቁጥር ደወል ይጮህና እንደገና ይጀምራሉ። ሁለት ተዋናይ፣ ሁለት ወንበር፣ ማኪያቶ። የካሪል ቸርችል "ላቭ ኤንድ ኢንፎርሜሽን" እ.ኤ.አ. በ2012 የታየ ነው፣ ሙሉውን አትሰሩትም፣ ግን ብዙ አጫጭር ትዕይንቶች ስላሉት እየመረጣችሁ ተለማመዱበት፣ ማን የትኛውን እንደሚናገር አልተጻፈም፣ አምስት ሆናችሁ ራሳችሁ ትከፋፈላላችሁ። ሱዛን ሎሪ ፓርክስ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካኖቹን የፑሊትዘር ሽልማት ባገኘችበት ዓመት ነው በየቀኑ አንድ ተውኔት ለአንድ ዓመት ልጻፍ ብላ የተነሳችው፣ ጽፋ ጨረሰች፣ 365 ሆነ። አንዳንዱ አንድ ገጽ አይሞላም። ጊዜ አጣሁ ለሚል ጸሐፊ እሷን ነው የማሳየው። ለህዝብ ስታሳዩ ግን የባለመብት ፈቃድ ጠይቁ፣ ተርጓሚውም ስሙ ይጻፍ።

አንድ የማልወድላችሁን ነገር ልናገር። የወጣት ማዕከል ድራማ ስመለከት ገና ሳይጀመር "መልዕክቱ ምንድነው?" ትባባላላችሁ። ስለ ስደት ከሆነ መጨረሻ ላይ አንዱ ወደፊት ወጥቶ ስደት መጥፎ ነው ይለናል። በፕሮጀክት ገንዘብ የተሰራ ድራማ ያስለመዳችሁ ነው፣ አይፈረድባችሁም። ግን ዘበኛው ወጥቶ ማንበብ ተማሩ ቢል ኖሮ እኚያ ነጠላቸውን ያጣፉት ሰራተኛ ምን ብለው ይጠይቁ ነበር? ስልካችሁ ደሞ ትዕግስታችሁን በልቶታል፣ ልምምድ ላይ ቃላችሁን ከስክሪን ላይ እያነበባችሁ አንገታችሁ አይቀናም። ቲክቶክ ላይ የምትሰሩትን የአንድ ደቂቃ ቀልድ ግን የልጅ ልጆቼ እያሳዩኝ አይቻለሁ፣ የት ዝም እንደሚባል ከኛ ይልቅ የምታውቁ አላችሁ። እኛ ያንን ለማወቅ ስንት ዓመት መድረክ ላይ ለፋን። እሱን ይዛችሁ ኑ፣ ስልኩን ግን በር ላይ ተዉት።

ስትጽፉም ሁለት ሰዓት አድርጉት የሚላችሁ አይጠፋም። ደብዳቤው ላይ ምን እንዳለ አትንገሩት።

የጻፋችሁትን በዛው ሳምንት ታይፕ አድርጉ፣ ሁለት ሶስት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱን ፕሪንት አውጥታችሁ ክበቡ ውስጥ በፋይል ይቀመጥ፣ ማን እንደሰራውና መቼ እንደታየ ከላይ ጻፉበት። የሌላ ሰፈር ክበብ ሲጠይቃችሁ ስጡ፣ ለየካ አባዶም ለኮዬ ፈጬም። አዳራሽ የለንም ላላችሁት፣ ብሎካችሁ ጋር ያለው የጋራ ቤት፣ ኮሚናሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ከሌለ ባዶ ነው፣ ቁልፉ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ጋር አለ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቋቸው፣ እኔም እፈርምላችኋለሁ።